ጓያ፤ የአንድ ጥራጥሬ የዘር ልዩነትና የሚመዘንበት መንገድ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የእህል መደብሮች፣ ከአተርና ከሽምብራ ጐን ዋጋው ዝቅ ያለ አንድ ጥራጥሬ ይሸጣል፤ ይኸውም ጓያ ነው። ተቈልቶ፣ ተከክቶና ከሌላው ጋር ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል፤ ሽሮውም በበርበሬና በቅመም ተሠርቶ በእንጀራ ሲበላ ሰውን ሲያሽመደምድ አይታይም። ይኸው ዘር ግን በረኃብ ዘመን ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በደንብያና በፎገራ፣ ከ1995 እስከ 1997 ደግሞ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት አካለ ስንኩላን ሆነዋል። በሽታው አንድ ጊዜ ከያዘ መድኀኒት የለውም።

ጓያ የሚዘራው ስለ ጥንካሬው ነው። ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር መሬት ላይ ይዘራል፤ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባይጥልም እንኳ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያፈራል። ሌላው እህል በድርቅ ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። መርዙ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ድርቅ ሲበረታ በፍሬው ውስጥ መጠኑ ሊጨምር ይችላል። እንግዲህ ሰው ጓያን አብዝቶ የሚበላበት ጊዜና የጓያው መርዝ የሚበረታበት ጊዜ ይገጣጠማሉ ማለት ነው።

የዘር ልዩነት ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የሚበዛው ጓያ አበባው ሰማያዊ፣ ፍሬው ደቃቅና ዥንጉርጉር ነው፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ግን አበባው ነጭ፣ ፍሬውም ነጣ ያለና ተለቅ ያለ ይበዛል። የመርዙም መጠን ከዘር ወደ ዘር ይለያያል። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰብስቧል፤ አገሪቱንም ከዓለም የሰብል ዘር ልዩነት ማእከሎች እንደ አንዷ ቈጥሯታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚያስተዳድረው የዘር ማኖሪያም ከገበሬዎች የተሰበሰበውን ዘር ይጠብቃል። ዋሴ የተባለ መርዙ ያነሰ ዝርያም ለገበሬ ተለቋል።

ይሁን እንጂ ምዘናው ቀላል አይደለም። እርጥበት ባልጐደለበት የምርምር ማሳ መርዙ አነስተኛ ሆኖ የተገኘ ዘር በደረቅ መሬትም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ስለዚህ በልዩ ልዩ ቦታና በልዩ ልዩ ዓመት መፈተን አለበት። ደግሞም ንቦች የአበባውን ዱቄት ከማሳ ወደ ማሳ ስለሚያመላልሱ፣ የተመረጠው ዘር ከነባሩ አጠገብ ሲዘራ ይዳቀላል።

ከዚህም በላይ ምዘናው እስከ ማጀት ሊደርስ ይገባዋል። በደላንታ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው አደጋውን ያበዛሉ፤ ቅመም ያለበት ወጥና ከብርዕ እህል ጋር መቀላቀል ግን ይቀንሱታል። ዘፍዝፎ ቀቅሎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ያሳንሳል። በገጠር ግን በሽታው ከጓያው እንፋሎት ወይም ከገለባው ይመጣል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ እነዚህም የሚጠነቀቁት ከእንፋሎቱና ከገለባው እንጂ ከምግቡ አይደለም።

የኮልፌውን በላተኛ የሚጠብቀው የዘሩ መልካምነት ሳይሆን ከጓያ ሌላ የሚበላው ነገር መኖሩ ነው። በደረቅ አገር ያለው ገበሬ ይህ ምርጫ ስለሌለው፣ ለእርሱ የሚመረጠው ዘር በእርሱ መሬትና በእርሱ ቤት አበሳሰል ተመዝኖ ሊሰጠው ይገባል።