ለሕፃናት የሚዘጋጅ ድረ ገጽ፦ ደስታና ጥበቃ በአንድነት

ለየቲም ልጆች የሚደረገው ድጋፍ በዘመናችን ከምግብ፣ ከልብስና ከደብተር አልፎ በስልክ መስኮት የሚታይ ተረትና ጨዋታም ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለሕፃን የሚሆን ድረ ገጽ ማለት የትልልቅ ሰዎችን ድረ ገጽ ወስዶ በቀለም ማሸብረቅ ማለት አይደለም። የሕፃኑ ደስታና ጥበቃ ከመጀመሪያው አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

ሕፃን ድረ ገጽን እንዴት ያየዋል?

በድረ ገጽ አጠቃቀም ጥናት የታወቁት ጃኮብ ኒልሰንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካና በእስራኤል በ55 ሕፃናት ላይ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ አድርገው ነበር። በጥናቱ እንደታየው ሕፃናት ማውሱን በገጹ ላይ እያንከራተቱ የሚንቀሳቀስ ወይም ድምፅ የሚሰጥ ነገር ይፈልጋሉ። ንግድ ማስታወቂያንም ከጨዋታው ለይተው አያዩትም፤ ሥዕሉ ደስ ካላቸው ይጫኑታል። በዚህም ሳያስቡት ወደማያውቁት ቦታ ይሄዳሉ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሕፃናት ገጽ ላይ ማስታወቂያ ፈጽሞ መኖር የለበትም። ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚወስድ መንገድ ካለም ለወላጆች በተለየ ክፍል ይቀመጥ። መጫኛዎቹ ለትንሽ ጣት የሚበቁ ሰፋፊ ይሁኑ፤ ሕፃኑ ቢሳሳት አንድ ጊዜ በመጫን ብቻ ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚመለስበት ምልክትም ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አይጥፋ።

ሌላው ነጥብ ንባብ ነው። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። የአራት ዓመት ሕፃን ይህን ገና አልዘለቀውም። ስለዚህ ማንኛውም መመሪያ በሰው ድምፅ ሊነበብለት ይገባል፤ ጽሑፉም ጎላ ብሎ ድምፁን ይከተል።

በአገራችን የተሠራ ምሳሌ

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆኑት ባለቤታቸው በአዲስ አበባ የመሠረቱት ድርጅት «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ማቅረብ ጀመረ። ጸሐይ ጠያቂና ተጫዋች የሆነች የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ዝግጅቱ ድረ ገጽ ባይሆንም ለድረ ገጽ አዘጋጅ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ሕፃን በራሱ ቋንቋ ከሚያናግረው፣ አብሮት ከሚሳሳትና አብሮት ከሚማር ወዳጅ ጋር ሲገናኝ ትምህርቱ ጨዋታ ይሆንለታል።

ጨዋታውም ከልጆቻችን ኑሮ ይወሰድ። «እንቆቅልህ» የሚል ድምፅ ሲሰማ «ምን አውቅልህ» የሚለውን ምልክት የሚጫን ሕፃን ማስተማሪያ አያሻውም። ገበጣ ቁጥር ያስቆጥራል፤ ሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ቅደም ተከተል ያስለምዳል። ተረት ለማሰባሰብ አቅም ለሌለው ማኅበርም በደቡብ አፍሪካ አንድ ድርጅት የመሠረተው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በአማርኛ ጭምር በነፃ የሚወሰዱ የሕፃናት መጻሕፍት ይዟል።

የመስመሩን አቅም ማወቅ

በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ የሚኖር ሕፃን ገጹን የሚከፍተው በራሱ ኮምፒዩተር ሳይሆን ከአክስቱ ወይም ከአያቱ ለጥቂት ደቂቃ በተዋሰው ስልክ ሊሆን እንደሚችል አዘጋጁ ያስብ። በዝቅተኛ ጥራት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ንባብ፣ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ቢታሰብ፣ ወደ 240 ኪሎባይት ይይዛል። በሴኮንድ 500 ኪሎቢት የሚወስድ የአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ምስል ግን ወደ 3.75 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ይህም ከድምፁ አሥራ አምስት እጥፍ በላይ ነው። ድምፅና ቀላል ሥዕል የተቀናጁበት ተረት ለሕፃኑ በቂ ደስታ ይሰጣል፤ የአሳዳጊውንም ገንዘብ ይቆጥባል።

በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተዘግቶ ለብዙ ወራት እንደቆየ አንባብያን ያስታውሳሉ። በዚህ ምክንያት ተረቶቹና ጨዋታዎቹ አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ከተጫኑ በኋላ ያለ መስመር የሚሠሩ፣ በሜሞሪ ካርድም ከቤት ወደ ቤት ሊተላለፉ የሚችሉ ቢሆኑ ይመረጣል። ያለ መስመር የሚሠራ ጨዋታ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሕፃኑ በሚጫወትበት ሰዓት እንግዳ ሰው በዚያ በኩል ሊደርስበት አይችልም።

የሕፃኑ ማንነት አማና ነው

ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የየቲሞች ድረ ገጽ ሲዘጋጅ ለጋሽን ለማሳመን ሲባል የልጁን ፎቶግራፍ፣ ስም፣ የትምህርት ክፍልና የወላጁን አሟሟት ማውጣት ይታሰባል። «ስሙን ከተውነው ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ «የመካነ ኢየሱስ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አባቱ በዚህ ዓመት የሞተበት» ማለት ስሙን ከመጥራት አይተናነስም። በዘመናዊ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍም ቤቱ የሚገኝበትን ቦታ በውስጡ መዝግቦ ሊይዝ ይችላል። አንድ ጊዜ በኢንተርኔት የወጣ ምስል ደግሞ በማን እጅ እንደተቀዳ አይታወቅም፤ ልጁ አድጎ «መልሱልኝ» ቢል የሚመልስለት የለም።

ሕግጋቱም ወደዚሁ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለሕፃናት የተዘጋጁ ድረ ገጾች ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ ደንብ አሥራ አምስት መመዘኛዎች ሲኖሩት፣ ልጁ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው መሣሪያ ከመነሻው ዝግ እንዲሆን ይጠይቃል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ስለዚህ የሕፃናቱ መጫወቻና የለጋሾች መረጃ በአንድ ገጽ ሊደባለቁ አይገባም። ሕፃኑ ስም ሳይጽፍና ሳይመዘገብ ይጫወት፤ በፎቶግራፉ ምትክ የሚወደውን እንስሳ ይምረጥ። እንግዳ ሰው መልእክት የሚልክበት በር አይኑር። ለጋሹ ስለሚረዳው ልጅ ማወቅ የሚገባውን ማኅበሩ በግል ይግለጽለት።

ለጋሾችና ቤተሰቦች ሊጠይቁ የሚገባቸው

ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት አዘጋጆቹን እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ከሕፃኑ ምን መረጃ ትወስዳላችሁ? ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? ማንበብ የማይችል ሕፃን ብቻውን ሊጠቀምበት ይችላልን? ከመለቀቁ በፊት ልጆች ሲጫወቱበት ተቀምጣችሁ አይታችኋልን? ወላጆችና አሳዳጊዎችም ስልኩን ሰጥታችሁ አትራቁ፤ ከሕፃኑ ጎን ተቀምጣችሁ አብራችሁ ሳቁ።

ሰደቃ የተቀባዩን ክብር ሲጠብቅ ያምራል። ሕፃን ለተደረገለት በጎ ነገር በፊቱና በታሪኩ ዋጋ ሊከፍል አይገባም። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናቸውንም የምንወጣ ያድርገን።