«አይሸትም ወይ?» ላላችሁኝ፦ ስለ ብሎካችን ኮምፖስት

ባለፈው የለጠፍኩትን የጓሮ ክምር ፎቶ አይቶ በውስጥ መስመር የጻፈልኝ ሰው ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። በአግባቡ ከተሠራ አይሸትም። የሚሸተው ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ገንዳ አጠገብ የሚሰነብተው ነው።

የሽንኩርት ልጣጭም ሆነ የጎመን ግንድ አየር ካገኘ በስብሶ አፈር ይሆናል። አየር ሲያጣ ነው የሚከረፋው፤ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ የሚያወጣውም ያኔ ነው። የከተማችን ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ላይ ለአሥርት ዓመታት ስንከምር የኖርነው ይህንኑ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የቀጠፈው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። በነሐሴ 2010 የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት እንዲያወጣ የተሠራ ነው፤ እርጥብ ልጣጭ ግን ለእሳት አይመችም፤ ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ያልቃል። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በስባሽ ነው። ስለዚህ ልጣጩ ከሰፈር ባይወጣ ይሻላል ባይ ነኝ።

በእርግጥ የሚበላውን አለመጣል ይቀድማል። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ ይህን ለእናቶቻችን ማንም አላስተማራቸውም።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ጀሞ ላይ እኛን ያስቸገረን ደረቅ ነገር ማግኘቱ ነው እንጂ ልጣጭማ ሞልቷል፤ በተለይ በጾም። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ያህል ደረቅ ቅጠል፣ ሣር ወይም ገለባ ያስፈልጋል። ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራም ይሆናል፤ ግን ጥቂት ይበቃል፤ ከበዛ ክምሩን ያቀዘቅዘዋል። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ ድሮ በማግስቱ ገንዳ ይገባ ነበር፤ አሁን እንሻማበታለን። ልጣጩ በተጨመረ ቁጥር ወዲያው በደረቁ ይሸፈናል፤ ዝንብ የማይመጣው በዚህ ነው። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ያለው ወጥ አይገባም፤ ውሻና አይጥ ይጠራል።

እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ አንስታችሁ ጨምቁት። ጠብ ጠብ ካለ በቂ ነው፤ ከወረደ ደረቅ ጨምሩ። ክምሩ ወገብ ሲደርስ መሃሉ እስከ 60 ዲግሪ ይሞቃል፤ እጅ ቢገባበት ያቃጥላል። የአረም ዘሩንና ጀርሙን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመንሽ ማገላበጥ፣ ክረምት ሲገባ በላስቲክ መሸፈን። በሦስት በአራት ወር ጥቁር አፈር ይሆናል።

ከአሠራሩ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። ምድር ቤት ያሉት እማማ መጀመሪያ «ልጄ፣ ደግሞ ቆሻሻ ከመስኮቴ ሥር?» ብለው ተቆጥተው ነበር። ትክክል ናቸው፤ ቦታው ሲመረጥ ማንም አልጠየቃቸውም። ቦታውን ቀየርን። ዛሬ ልጣጭ ከነፌስታሉ የሚያመጣውን ሰው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው፤ ጎመናቸውም ከማንም ይበልጣል።

ቆሻሻ ከሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክፍያቸው በሚያነሱት መጠን የሚሰላ ከሆነ ልጣጩን ስናስቀር ገቢያቸውን እየነካን ነው። ኮምፖስቱን አብረው ቢሠሩትና ለችግኝ ሻጮች ቢሸጡት የተሻለ ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሱ ኤድዋርድስና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በ1988 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ፣ ኮምፖስት የገባበት ማሳ በኬሚካል ማዳበሪያ ከለማው እኩል አንዳንዴም በላይ እንደሚያመርት አሳይቷል። በኋላም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ባሕር ዳርንና ሐዋሳን ጨምሮ በስድስት ከተሞች የቆሻሻ ኮምፖስት ፕሮጀክት ተጀምሯል፤ አዲስ አበባ አልነበረችበትም። እዚሁ ክፍለ ከተማችን ኃይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልት ገበያ የሚጥለው ግን በሰፈር ክምር የሚቻል አይደለም፤ መኪናና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ እሱ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ነው።

እናንተ መሬት እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ቤቶች፣ ክዳን ያለው ባልዲና አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል ካለ ይጀመራል። ለቡ፣ መካኒሳ፣ ሃና ማርያም ያላችሁ፣ ሰጋቱራ በነጻ የሚሰጥ እንጨት ቤት የምታውቁ ከሆነ አስተያየት ላይ ጻፉልን።