ጸደይ ስንት ጊዜ ይመጣል? የኢሬቻ ሁለት ወቅቶችና «የጸደይ በዓል» የሚለው የንጽጽር መደብ በአርሲ ደጋ

በንጽጽራዊ የሃይማኖት ጥናት ውስጥ «የጸደይ በዓል» የሚባለው መደብ ሳይመረመር የሚወሰድበት ጊዜ ብዙ ነው። ተክል የሚያብብበት፣ ሕዝብ አበባ ይዞ የሚወጣበት ማንኛውም ሥርዓት በዚህ መደብ ውስጥ ይገባል። ኢሬቻም በውጭ ቋንቋ በተጻፉ ጽሑፎች አንድ ጊዜ የምስጋና፣ ሌላ ጊዜ የመኸር፣ ሌላ ጊዜ የጸደይ በዓል እየተባለ ይጠቀሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ጠባብ ነው፤ በአርሲ ደጋ፣ ለምሳሌ በኢተያ ዙሪያ፣ «ጸደይ» ተብሎ ሊጠራ የሚችለው የትኛው የዓመቱ ክፍል ነው? በጸሐፊው ግምት መደቡ የሰሜን አውሮፓን ፀሐይ በውስጡ ይዞ የመጣ ነው። የአርሲ ዓመት ግን የሚታጠፈው በውኃ ሲሆን፣ የሚታጠፈውም ሁለት ጊዜ ነው። ኢሬቻን በአንድ «ጸደይ» መተርጎም ከሁለቱ መታጠፊያዎች አንዱን ከጥናት ውጭ ያደርገዋል፤ የሚቀረውም ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠው ነው።

የዊካ ዓመትና የፀሐይ ልኬቱ

የጸደይን መምጣት በይፋ በሥርዓተ አምልኮው ውስጥ ካስቀመጡት ዘመናዊ ሃይማኖቶች መካከል በንጽጽር ጽሑፎች ዘወትር የሚጠቀሰው ዊካ ነው። ዊካ ለሕዝብ የታወቀው በእንግሊዝ አገር የጥንቆላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተሻረ በኋላ ሲሆን፣ ጄራልድ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመው መጽሐፍ ለመታወቁ ዋነኛ ምክንያት ሆኗል። የእምነቱ ተከታዮች ዓመቱን በስምንት በዓላት ይከፍሉታል፤ አራቱ የፀሐይ መታጠፊያዎችና የቀንና ሌሊት እኩሌታዎች ናቸው፤ አራቱ ደግሞ በእነዚህ መካከል የሚውሉ ናቸው። የጸደይ ነገር በዚህ ክፍፍል በአንድ ቀን አያበቃም። በጥር 24 ገደማ የሚውለው ኢምቦልክ የብርሃንን መመለስ፣ በመጋቢት 11 ወይም 12 የሚውለው ኦስታራ የቀንና የሌሊትን እኩሌታ፣ በሚያዝያ 23 የሚውለው ቤልቴን ደግሞ የለምለሙን ወራት መግባት ያመለክታሉ።

ኦስታራ የሚለው ስም ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ቤድ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ725 ስለ ዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ፣ ሕዝቡ በቀድሞ ዘመን ኤዎስትሬ የምትባል አምላክት በሚያዝያ አካባቢ ባለው ወር ያከብር እንደነበር በአጭሩ ይጠቅሳል። ያዕቆብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1835 ከዚህ ተነሥቶ ኦስታራ የምትባል የጀርመን አምላክት መልሶ አቀናበረ። ስሙ የዊካ በዓል መጠሪያ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ አይዳን ኬሊ በተባለ አሜሪካዊ አማካይነት ነው። ስለዚህ ከጥንት እንደ ወረደ የሚቀርበው የበዓላት ዑደት በአሁኑ ቅርጹ የሃያኛው ምእተ ዓመት ሥራ ነው። ይህን ማለት የተከታዮቹን እምነት ማቃለል አይደለም፤ ብዙዎቹም ይህን ታሪክ ያውቁታል። ነገር ግን ኢሬቻን «ጥንታዊ የጸደይ በዓል» ከሚባል ዓለም አቀፍ ቤተሰብ ጋር ለማዛመድ የሚሞክር ሰው፣ መለኪያ አድርጎ የያዘው ነገር ከተለካው ይልቅ አዲስ ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል ይገባዋል።

የዊካ ዑደት ግን በትውልድ አገሩ ትርጉም አለው። በለንደን ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን በስምንት ሰዓት ከግማሽ በላይ ይለያያሉ። እዚያ የብርሃን መመለስ በገላ የሚሰማ፣ ለእርሻም ወሳኝ የሆነ ነገር ነው። ኢተያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ8 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች፤ በዚያ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት አይሞላም። የመጋቢት እኩሌታ በኢተያ ገበሬ ማሳ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም። በደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚኖሩ የዊካ ተከታዮች ዑደቱን በስድስት ወር ገልብጠው በመስከረም ኦስታራን ያከብራሉ። በሐሩር ክልል ግን ቢገለበጥም ባይገለበጥም ለውጥ የለም፤ ምክንያቱም የሚገለበጠው ነገር፣ ማለትም የብርሃን እጥረት፣ ከመጀመሪያውም የለም።

በኢተያ ዓመቱ የሚዞርበት መንገድ

የሂጦሳ ወረዳ ከተማ የሆነችው ኢተያ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ ማለት ነው። አካባቢው በስንዴና በገብስ የታወቀ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውና የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የተመሠረተው በዚሁ አቅራቢያ ነው። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው በልግ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከሕንድ ውቅያኖስ በሚመጣ እርጥበት ይዘንባል፣ ያመነታል፣ ይቋረጣል። ሁለተኛው ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ የሚዘልቅና ይበልጥ የሚታመን ነው። የዓመቱ ዋና ዘር የሚዘራው በክረምት፣ የሚታጨደውም ከኅዳር ወዲህ ነው።

እንግዲህ «ጸደይ» ወዴት ይቀመጥ? የአማርኛ ቃሉ ራሱ ለሁለት ተከፍሏል። በቤተ ክርስቲያኑ የወቅቶች አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ሲሆን፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ደግሞ መፀው ይባላል። በዘመናዊው አነጋገር ግን፣ በተለይም በመጽሔትና በማስታወቂያ፣ አደይ አበባ የሚፈነዳበት መስከረም «የጸደይ ወር» ሲባል እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ለጸሐፊው ግን ስሕተቱ ከትክክሉ ያላነሰ የሚነግረው ነገር አለ። ተናጋሪው ከትምህርት ቤት ያገኘውን «አበባ ማለት ጸደይ» የሚል እኩልነት ይዞ ዙሪያውን ሲመለከት፣ አበባውን ያገኘው በመስከረም ነው።

የኦሮሞ የወቅት አከፋፈል ከዚህ ችግር ነጻ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ የሚገባው ጠራ ያለ ወቅት «ብራ» ይባላል፤ አማርኛውም ደመና የሌለውን ሰማይ «ብራ» እንደሚለው ሁሉ። ከረጅሙ በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የሚጠበቅበት ደግሞ «አርፋሳ» ነው። ኢሬቻ ሁለቱንም ወቅቶች ይቀበላል፤ የሚቀበልበት ስፍራ ግን የተለያየ ነው። በብራ የሚከበረው ኢሬቻ መልካ ሲሆን የሚከናወነው በወንዝ ዳር ወይም በሐይቅ ነው። በአርፋሳ የሚከበረው ኢሬቻ ቱሉ ደግሞ በተራራ ላይ ነው።

የብራው ሥርዓት በሰፊው ይታወቃል። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም በአዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ ባሉት ቀናት በከፍተኛ ሕዝብ ይከበራል። ሰዎች ለምለም ሣርና በኦሮምኛ «ኬሎ» የሚባለውን አደይ አበባ ይዘው ይወጣሉ፤ በውኃው ነክረውም ይረጫሉ፤ ዋቃን ያመሰግናሉ። ቦታው የሐዘን ትዝታም አለበት፤ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያው በሆራ አርሰዲ በተፈጠረው ግርግር ብዙ ሰዎች ሞተዋል፤ መንግሥት በወቅቱ ያስታወቀው ቁጥር ከ50 በላይ ሲሆን፣ የተቃዋሚ ወገኖች ግን ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ተናግረዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ወሳኙ ምስጋናው ስለ ምን እንደሆነ ነው። በመስከረም መጨረሻ በሂጦሳ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ ሥርዓቱ በጥብቅ አነጋገር የመኸር በዓል ሊሆን አይችልም። የሚወለድ ነገር ስለሌለም፣ ከክረምት ሞት ወደ ሕይወት መመለስን የሚያከብር የአውሮፓ ጸደይም አይደለም፤ ክረምት በአርሲ የሞት ወቅት አይደለምና። አባቶች በተደጋጋሚ የሚያቀርቡት ማብራሪያ ሌላ ነው፤ ጨለማውና ጭቃው አለፈ፣ የሞላው ወንዝ ጎደለ፣ በወንዝ ማዶና ማዶ ተለያይቶ የከረመ ዘመድ ተገናኘ። ከጭላሎ ወደ ዝዋይ የሚወርደውን ቀታርን ወይም ወደ አዋሽ የሚገቡትን ጅረቶች በነሐሴ ያየ ሰው ይህን እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር አይወስደውም። «መልካ» የሚለው ቃልም ወንዝ የሚሻገሩበትን ስፍራ ያመለክታል። ምስጋናው የመሻገር ምስጋና ነው።

ከዊካ ዑደት ጋር ስናስተያየው ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። የመስከረሙ ኢሬቻ በጊዜ የሚቀርበው በሰሜን ንፍቀ ክበብ በመስከረም 12 ወይም 13 ለሚውለው ለማቦን፣ ማለትም ለምርት መሰብሰቢያና ወደ ጨለማ ለመግቢያ በዓል ነው። በመንፈሱ ግን ወደ ብርሃን መውጣትን ያከብራል። በቀን ከሄድን በልግ ካለው አገር «የበልግ በዓል» ልንለው ነው፤ በስሜት ከሄድን «የጸደይ»። ሁለቱም መንገድ ያሳስታል።

የአርፋሳው ሥርዓት ከዚህ በእጅጉ ይለያል። የሚከናወነው በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ፣ ምድሩ ደርቆ ከብቱ ከስቶ ባለበት ጊዜ ነው። አበባ የለም፤ ይዞ ለመውጣት የሚፈለገው ለምለም ሣርም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ሕዝቡ ወደ ከፍታው የሚወጣው ላልመጣው ዝናብ ለመለመን ነው። ከታወቁት ስፍራዎች አንዱ ቱሉ ጩቋላ፣ ማለትም የዝቋላ ተራራ ነው፤ በዚያው ተራራ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በመጋቢት 5ና በጥቅምት 5 ተጓዦችን መቀበሉ ራሱን የቻለ ጥናት የሚያሻው ጉዳይ ነው። ከሁለቱ አንዱን «ጸደይ» ማለት ግድ ከሆነ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ስሙ የሚገባው ለአርፋሳው ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺ የሚፈልገው ጸደይ አበባ ያለው ስለሆነ፣ መጠሪያው ወደ መስከረም ሄደ፤ የጥናቱ ትኩረትም ተከተለው።

ስለ መጠሪያው

«ፓጋን» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው የገጠር ሰው ማለት ነው። የዊካ ተከታዮች ይህን ቀድሞ ስድብ የነበረ ቃል በፈቃዳቸው አንሥተው የክብር ስም አድርገውታል። በአማርኛ ተመጣጣኙ «አረማዊ» ነው፤ ይህም «አረመኔ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። በአንዱ ቋንቋ የምርጫ ስም የሆነውን በሌላው ሲተረጉሙ ክስ ይሆናል። የዋቄፈና ተከታዮችም ስሙን አይቀበሉትም፤ የሚያመልኩት አንድ ዋቃን እንጂ ውኃውን ወይም ዛፉን አለመሆኑን አጥብቀው ይናገራሉ። ስለዚህ ንጽጽሩ በኢሬቻና በኦስታራ መካከል የሚደረግ ከሆነ፣ «ፓጋን» የሚለውን ሳይተረጉሙ ለዊካ ብቻ መተው ይሻላል።

በአርሲ ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ውስብስብነት አለው። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ኦርቶዶክሳዊና ፕሮቴስታንት ነዋሪም ብዙ ነው። ሥርዓትና የሃይማኖት አባልነት ግን ሁልጊዜ ተገጣጥመው አይሄዱም። አንትሮፖሎጂስቱ ፖል ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ በአርሲ ደጋ መንደር ሴቶች የሚያከናውኑትን የአቴቴ ሥርዓት ገልጿል። ሲንቄ በትራቸውን ይዘው የሚወጡት ሴቶች ዝናብ ሲጠፋም ይለምናሉ። እንዲህ ያለ ሥርዓት «የየትኛው ሃይማኖት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የለውም፤ «የየትኛው ወቅት ነው?» ለሚለው ግን አለው።

በልግ ሲቀር

ላለፉት አሥርት ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ እንዳሳየ በርካታ የአየር ንብረት ጥናቶች አመልክተዋል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ሳይሳካ ቀርቶ፣ ክረምቱም በኤልኒኖ ምክንያት ሲዛባ፣ በተከታዩ ዓመት አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ በይፋ ተገልጿል። ከሁለቱ ኢሬቻዎች ከዚህ ጋር በቀጥታ የተያያዘው የተራራው ነው። የመልካው ሥርዓት ያለፈን ክረምት ስለሚያመሰግን፣ ክረምት እስካለ ድረስ ቀኑን አስቀድሞ በአዋጅ መወሰን ይቻላል። የአርፋሳው ግን የሚጠባበቅ ሥርዓት ነው፤ መቼ እንደሚወጣ የሚወስኑ ሽማግሌዎች ሰማዩን፣ ነፋሱን፣ የከብቱን ሁኔታ ማንበብ አለባቸው።

ለመስክ ጥናት የሚሆነው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። በሂጦሳና በአጎራባች ወረዳዎች ሽማግሌዎች ወደ ተራራ የወጡባቸውን ዓመታትና ሳምንታት በቃል ታሪክ መዝግቦ፣ በቁሉምሳ ከተለካው የዝናብ መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በልጉ በዘገየባቸው ዓመታት ሥርዓቱ አብሮ ዘገየ? ተደገመ? ወይስ ቀኑ እንደ መስከረሙ በቀን መቁጠሪያ ተቆርጦ ከዝናቡ ተለየ? ቃለ መጠይቁን ለሚያካሂደው ተማሪ አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ አለ። ጥያቄውን በአማርኛ «በጸደይ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ከጀመረ፣ መልስ ሰጪው ስለ መስከረም ሊነግረው ይችላል፤ «በአርፋሳ» ብሎ መጠየቅ አለበት።