ጣሪያ የሚገነጥለው የደጋ ነፋስ

ስለ የቲሞች ድጋፍ ስንነጋገር አስቀድመን የምናነሣው ምግብን፣ ደብተርንና ሕክምናን ነው። ስለሚተኙበት ቤት ጣሪያ የምናስበው አልፎ አልፎ ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች ግን ከቀትር በኋላ ከነጎድጓድ ጋር የሚነሣ ነፋስ የአንዲትን እናት መጠለያ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ክፍት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የነፋሱን ጠባይ ለውድ አንባቢዎቻችን ለማብራራት ወደናል።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በስተምዕራብ ደግሞ መሬቱ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ጣና ሐይቅ ያዘቀዝቃል። ቀን ፀሐይ ደጋውን ስታሞቀው እርጥበት ያዘለ አየር ሽቅብ ይሳባል፤ ደመናውም ይቆለላል። በደመናው ውስጥ ዝናቡና በረዶው ሲከብዱ አየሩን ይዘው ይወርዳሉ። ከሥር ያለው አየር ደረቅ ከሆነ የዝናቡ ከፊል በመንገድ ላይ ይተናል፤ በረዶውም ይቀልጣል። ሁለቱም አየሩን ያቀዘቅዙታል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ነውና እየፈጠነ ይወርድና፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ፣ መሬት ሲመታ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ከዝናቡ ቀድሞ ፊታችንን የሚመታው ብርድ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ወድቆ ከ110 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ቴትሱያ ፉጂታ የተባሉት የአየር ጠባይ ሊቅ አደጋውን መርምረው ይህን ወራጅ ነፋስ ለዓለም አሳወቁ።

ብዙዎቻችን ዐውሎ ነፋስ እንለዋለን፤ ዐውሎ ግን ይሽከረከራል፣ ይህ ግን ቀጥ ብሎ ይገፋል።

ነፋስ ጣሪያን ተጭኖ የሚሰብረው ይመስለናል። ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያን ግን ነፋሱ በላዩ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ጉልበቱም የሚበረታው በጠርዝና በማዕዘን ላይ ነው። በር ክፍት ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው ነፋስ ከሥር ያነሣዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቆርቆሮው አዲስ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ቆርቆሮው ከማገሩ፣ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁም መሬት ውስጥ ከተቀበረው ቋሚ ጋር በሽቦ መታሰር አለበት፤ በጠርዙ በኩልም ሚስማሩ መቀራረብ ይገባዋል። አንዳንዶች ጣሪያው እንዳይነሣ ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ነፋሱ ካሸነፈ ግን ድንጋዩ በልጆች ላይ ይወርዳል። (ግመሉን ያላሰረውን ሰው ታሪክ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም።)

አባት ባለበት ቤት ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የላላውን ሚስማር የሚመታ፣ የበሰበሰውን የባሕር ዛፍ እንጨት የሚለውጥ ሰው አለ። የቲሞች ቤት ይህ ሰው የለውም። እንጨቱ ሲደርቅ ሚስማሩ ይላላል፤ ከዓመት ዓመትም ማንም አያየውም። ችሮታ ሲደረግም ብዙ ጊዜ የሚገዛው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ያም በዚያው አሮጌ እንጨት ላይ ይመታል፤ በቀጣዩ ነፋስም አብሮ ይሄዳል። ቆርቆሮ የምትለግሱ ወገኖቻችን የሽቦውን፣ የሚስማሩንና የአናጢውን ዋጋ አብራችሁ እንድታስቡ፣ በአቅራቢያ ያላችሁም ግንቦት ሳያልቅ መሰላል ይዛችሁ እንድትሄዱ እንጠይቃለን።