የሐኪሙ ስምና የምርምር ሥራው
የጸሐፊ ስም አጻጻፍ በዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች

መግቢያ

ስም ብቻውን ሰውን ከሰው እንደማይለይ ማንኛውም ሐኪም ያውቃል። በአንድ ቀን በአንድ ተመላላሽ ክፍል ሁለት በቀለ ተስፋዬ ሊቀርቡ ይችላሉ፤ የአያት ስም ተጨምሮም መምታታቱ ላይቀር ይችላል። ካርድ ክፍል ለእያንዳንዱ ታካሚ ቁጥር የሚሰጠው፣ ደም ከመሰጠቱም በፊት ስምና ቁጥር አብረው የሚመሳከሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ለታካሚው ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ሐኪም የራሱን የምርምር ጽሑፍ ለኅትመት ሲልክ ስሙን አንድ ጊዜ በአንድ መልክ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ መልክ ይጽፈዋል። ከዓመታት በኋላ ሥራዎቹ በስሙ ሲፈለጉ ከፊሎቹ አይገኙም፤ ከፊሎቹም ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ተደባልቀው ይቀርባሉ።

ጉዳዩ የዝና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የማዕረግ ዕድገት የሚወስን ኮሚቴ፣ የምርምር ገንዘብ የሚመድብ ድርጅት፣ ገምጋሚ የሚፈልግ የመጽሔት አዘጋጅ ሁሉም የሚጀምሩት ስም በመፈለግ ነው። በሞክሼ ስም የታተመና በኋላ የተሻረ ጽሑፍ ለማይመለከተው ሐኪም ሊቆጠርበትም ይችላል።

የችግሩ ምንጭ

የመጀመሪያው ምንጭ የስም አወጣጣችን ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ ስም ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች በ1978 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው የጀመሩት የአጻጻፍ ሥርዓት ግን በዋቢ ዝርዝር ውስጥ የቤተሰብ ስምን አስቀድሞ ሌላውን በመነሻ ፊደል ብቻ ያሳጥራል። በዚህ ሥርዓት የኢትዮጵያዊው አባት ስም በሙሉ ሲጻፍ የራሱ ስም አንድ ፊደል ሆኖ ይቀራል። አባታቸው ተስፋዬ የሚባሉ አበበ፣ አልማዝና አስፋው፣ ሦስቱም በዝርዝሩ ላይ አንድ ሰው ይመስላሉ።

ለዚህ የታወቀ አብነት የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው የጀመሩት ምርምር ቢልሃርዝያን ለመከላከል የሚረዳ ግኝት አስገኝቷል። በ1989ም ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። አገራቸው ‹አክሊሉ› ብሎ የሚጠራቸው ሰው በዋቢ ዝርዝሮች ውስጥ የሚገኙት ግን ‹ለማ› በሚለው ሥር ነው። በአንጻሩ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንዱ ዝርዝር በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ሊፈለግ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ምንጭ ፊደል ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀና ጸ በላቲን ፊደል ትክክለኛ አቻ የላቸውም፤ ሳድስ ፊደልም እንደ ጸሐፊው አንድ ጊዜ አናባቢ ይጨመርበታል፣ ሌላ ጊዜ ይተዋል። ‹ኃይሉ› የሚለውን ስም መካከሉን አንዱ በላቲኑ ‹አይ›፣ ሌላው በ‹ዋይ› ይጽፈዋል። ‹ፀሐይ› በ‹ቲ› ወይም በ‹ኤስ› ሊጀመር ይችላል። በአማርኛም ቢሆን ‹ኃይሉ› እና ‹ሀይሉ› ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሦስተኛው ምንጭ ጥምር ስም ነው። ወልደ ዮሐንስ፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ማርያም ተነጣጥለው ሲጻፉ ‹ወልደ› ወይም ‹ገብረ› እንደ መካከለኛ ስም ተቆጥሮ ወደ መነሻ ፊደልነት ይወርዳል። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ የሄደ ሐኪም ደግሞ የአያቱ ስም በቤተሰብ ስምነት ሊመዘገብበት ስለሚችል ከመሄዱ በፊትና ከሄደ በኋላ የጻፋቸው የሁለት ሰዎች ሥራ ይመስላሉ።

መፈለጊያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

የፐብሜድ ዋና ክፍል የሆነው ሜድላይን የጸሐፊዎችን ሙሉ ስም መመዝገብ የጀመረው በ2002 ነው፤ ከዚያ በፊት ይመዘገብ የነበረው የቤተሰብ ስምና የመነሻ ፊደላት ብቻ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ፐብሜድ ሞክሼ ጸሐፊዎችን በአብሮ ጸሐፊዎቻቸውና በጥናት መስካቸው ለመለየት በኮምፒውተር ስሌት ይጠቀማል። የስሌቱ መነሻ ግን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ የሰፈረ የቤተሰብ ስምና መነሻ ፊደል ስለሆነ፣ በሁለት አጻጻፍ የተመዘገበን የአባት ስም አንድ አያደርገውም።

ጎግልን የመሰሉት አጠቃላይ መፈለጊያዎች አሠራራቸው የተለየ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ጎግልን ሲመሠርቱ መሠረታዊው ሐሳብ፣ ሌሎች ድረ ገጾች በብዛት የሚጠቁሙትና ጠቋሚዎቹም ራሳቸው ተጠቋሚ የሆኑለት ገጽ ቀድሞ ይቅረብ የሚል ነበር። ዛሬ ሌሎች በርካታ መመዘኛዎች ቢጨመሩም ይህ ሐሳብ አሁንም ይሠራል። የሐኪሙ የራሱ ገጽ ወደ ፊት የሚመጣው ስሙ በርእሱ ላይ በግልጽ ሲሰፍርና የሚሠራበት ሆስፒታል፣ ኮሌጅ ወይም ማኅበር በራሱ ድረ ገጽ ላይ ወደዚያ ሲጠቁም ነው።

መደረግ ያለበት

አንደኛ፣ ተመራማሪው የመጀመሪያ ጽሑፉን ከመላኩ በፊት የስሙን የላቲን አጻጻፍ ይምረጥ፤ ከተቻለም ከፓስፖርቱ ጋር ያስማማው። የመረጠውን በፐብሜድ ፈልጎ ሌላ ሰው እንደሚጠቀምበት ይመልከት። በመላኪያው ቅጽ ላይ ‹የቤተሰብ ስም› በሚለው ቦታ የሚሞላው ቃል ለሁልጊዜ መፈለጊያው ስለሚሆን፣ የአያት ስም የሚጨምር ሰው የአባቱ ስም በፊደል ብቻ ሊቀር እንደሚችል አስቦበት ይጨምር። ጥምር ስምም በአንድነት ወይም በጭረት ተያይዞ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የመለያ ቁጥር ያውጣ። በጥቅምት 2012 አገልግሎት የጀመረው ኦርኪድ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ለማንኛውም ተመራማሪ በነጻ ባለ 16 አሐዝ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ በአራት በአራት ተከፍሎ ይጻፋል፤ የመጨረሻው አሐዝ ስሕተት መቆጣጠሪያ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ በእርሱ ቦታ ‹ኤክስ› ይገባል። ይህ ቁጥር የተመራማሪው የካርድ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። በመዝገቡ ውስጥ ቀድሞ የተጠቀመባቸውን አጻጻፎች ሁሉ፣ በአማርኛ የተጻፈውንም ስም ጭምር፣ ማስፈር ይችላል። የታተሙትን ጽሑፎች ማስለወጥ ሳያስፈልገው በመዝገቡ አንድ ላይ ይሰበስባቸዋል። ከዚያ በኋላ በሚልከው እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ቁጥሩን ይስጥ።

ሦስተኛ፣ በስሙ የተከፈቱ ሌሎች ዝርዝሮችን ያጥራ። በ2011 ለሁሉም ክፍት የሆነው የጎግል ስኮላር የግል ገጽ ጽሑፎችን በራሱ ሊጨምር ስለሚችል የሞክሼ ሥራ ሲገባበት ባለቤቱ ማውጣት አለበት። በስኮፐስ ስሙ በሁለት መዝገብ ከተከፈለም እንዲዋሐድለት ማመልከት ይችላል።

አራተኛ፣ የግል ገጽ ካለው ስሙን በመረጠው የላቲን አጻጻፍና በአማርኛ ጎን ለጎን ያስፍር፤ የትምህርት ደረጃውን፣ የሚሠራበትን ተቋምና የጽሑፎቹን ዝርዝር ከመለያ ቁጥሩ ጋር ያቅርብ። ገጹ ግን የሙያ ሥነ ምግባርን ይጠብቅ፤ በፈውስ መመካትም ሆነ የታካሚን ምስጢርና ምስል ማውጣት አይፈቀድም።

የመጽሔት አዘጋጆችም ድርሻ አላቸው። የጸሐፊውን ሙሉ ስም ማተም፣ በየትኛው ስሙ እንዲመዘገብ እንደሚፈልግ መጠየቅና መለያ ቁጥሩን ከጽሑፉ ጋር ማውጣት ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው።

ማጠቃለያ

ወጥ አጻጻፍና መለያ ቁጥር ደካማ ጥናትን ጠንካራ አያደርጉም፤ ጠንካራውን ግን ከባለቤቱ ጋር ያቆራኙታል። አጻጻፉን ለመምረጥና ቁጥሩን ለማውጣት ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አይጠይቅም። ከአሥር ጽሑፎች በኋላ የተበታተነውን መሰብሰብ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ድካም ስላለው፣ ሥራው ለመጀመሪያው ጽሑፍ ከሚደረገው ዝግጅት ጋር አብሮ ቢጀመር ይመረጣል።