ስክራች እና ፌደር፦ አንዱ እጅ ሲያወራ ሌላው ዝም የሚያሰኝበት ሙያ

በትምህርት ክፍላችን የሬዲዮ ስቱዲዮ ገብቶ የሠራ ሁሉ ፌደርን ያውቃታል። ያቺ በጣት የምትንሸራተት፣ የማይክራፎኑን ወይም የሙዚቃውን ድምፅ ከፍና ዝቅ የምታደርግ ቁልፍ ማለቴ ነው። ስለ እርሷ መጀመሪያ የተማርነው ነገር በቀስታ እንደምትነካ ነው። ሙዚቃው ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ሲገባ አድማጩ እጃችንን ሊያውቅብን አይገባም። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ፌደር ነው፤ የአድማጩ ጆሮ እጃችንን እንዲያውቅ ስለሚፈለግበት ፌደር።

ዲጄነት መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። የምማረው በጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ዕቃ ነው። እሱ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ስለሚሠራ፣ በሌላው ቀንም ስለሚያከራየው፣ ዕቃው ለእኔ ነፃ የሚሆነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ! በዚያ ላይ በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው የተማሪዎች ፕሮግራም አራት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ስለዚህ “በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ልለማመድ?” የሚለው ጥያቄ ለእኔ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁትን እነሆ፤ ለሌላ ጀማሪም ይጠቅም ይሆናል።

ነገሩ ከየት መጣ?

ስክራች ማለት የሚዞር ሸክላን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፉና እየሳቡ ከተቀዳው ድምፅ አዲስ ድምፅ ማውጣት ነው። የተወለደው በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ጀማሪው ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። በጊዜው ገና ልጅ ነበር። ራሱ እንደሚተርከው፣ እናቱ ሙዚቃውን ቀንስ ብላ ስትቆጣው ሸክላውን በእጁ ያዘው፤ እጁ ወዲያ ወዲህ ሲል የወጣውን ድምፅ ወደደውና ሥራዬ ብሎ ይለማመደው ጀመር።

ነገርዬው ከሰፈር ወጥቶ ዓለም የሰማው ደግሞ በሁለት ሥራዎች ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ግራንድማስተር ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ1981 በሸክላ ማጫወቻዎች ብቻ የሠራው ቅንብር ነው። ሌላው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ኸርቢ ሃንኮክ በ1983 ያወጣው “ሮኪት” ነው። በእሱ ላይ ስክራቹን የሠራው ግራንድ ሚክሰር ዲ.ኤስ.ቲ. ሲሆን፣ በ1984 በግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ በቀጥታ ሲጫወት የታየው በብዙ ሚሊዮን ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ዲጄዎች ሙያውን የያዝነው ይህን አይተን ነው ይላሉ።

ፌደሩ ምን ይሠራል?

የዲጄ ሚክሰር ሁለት ሸክላ ማጫወቻዎች መካከል ይቀመጣል። ከታች በኩል ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ አጭር ፌደር አለው፤ ክሮስፌደር ይባላል። ወደ ግራ ሲሄድ የግራው ሸክላ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኙ፣ መሐል ላይ ሲሆን ሁለቱም ይሰማሉ። ለምሳሌ በግራ ስክራች የምናደርግበትን ሸክላ፣ በቀኝ ምቱን እናስቀምጥ። ፌደሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ሲሆን ስክራቹ ተዘግቷል፤ ትንሽ ወደ ግራ ሲነካ ይከፈታል።

“ትንሽ” ያልኩት በምክንያት ነው። የስቱዲዮው ፌደር ረጅም ነው፤ ድምፁም የሚያድገው ቀስ በቀስ ነው። ለስክራች የተስተካከለ ክሮስፌደር ግን ከጫፉ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ያህል እንደተነካ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ይለቀዋል። እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። በዚህ ጊዜ የሌላኛው ወገን ምት አይቀንስም፤ ስክራቹ ከላዩ ላይ ይገባል ይወጣል። በብዙ ሚክሰሮች ላይ ይህን የሚቀይር “ከርቭ” የሚባል ማስተካከያ ስላለ፣ ጀማሪ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት መጀመሪያ እሱን ቢያይ ጥሩ ነው። ከርቩ ለስለስ ባለው ላይ ከሆነ የፈለገ ቢለፋ ድምፁ አይቆረጥለትም።

እንግዲህ ዋናው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ሸክላውን የያዘው እጅ ድምፅ ይሠራል፤ ፌደሩን የያዘው እጅ ዝምታ ይሠራል። ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ክራር ሲመታ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዱ እጅ ክሮቹን በጠቅላላ ሲመታ የሌላው እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ። የምንሰማው ያልታፈነውን ነው። ዜማውን የሚመርጠው የሚያፍነው እጅ ነው ማለት ነው። ስክራች ላይም እንዲሁ ነው።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

የመጀመሪያው “ቤቢ ስክራች” ይባላል። ፌደር አይነካም፤ ክፍት እንደሆነ ሸክላውን ወደ ፊት መግፋት፣ ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ በምቱ ላይ ሳይዛነፉ ሁለት ደቂቃ መቆየት ላብ ያስወጣል።

ሁለተኛው “ፎርዋርድ” ነው። ሲገፉ ፌደሩ ክፍት፣ ሲስቡ ዝግ። የመመለሻው ድምፅ ስለማይሰማ አንዲት ንፁህ ቃል ደጋግማ የምትጠራ ይመስላል። ፌደር የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ትምህርት መክፈቱ ሳይሆን መዝጋቱ ነው፤ ሸክላው መመለስ ከመጀመሩ በፊት መዘጋት አለበት።

ሦስተኛው “ቺርፕ” ነው። ክፍት ላይ ተነስተን ሸክላውን እየገፋን እንዘጋለን፤ እየሳብን እንከፍታለን። ሸክላው ቆሞ አቅጣጫ የሚቀይርባት ቅጽበት ስለምትደበቅ እንደ ወፍ ጩኸት ያለ አጭር ድምፅ ይወጣል። ሁለቱ እጆች እኩል መነሳት አለባቸው፤ አንዱ ከቀደመ ወፏ ትጠፋለች።

አራተኛው “ትራንስፎርመር” ነው። ስሙ የመጣው ከታዋቂው የካርቱን ፊልም ነው፤ ሮቦቶቹ ሲቀያየሩ የሚያሰሙትን ድምፅ ስለሚመስል። ከፊላደልፊያ ከተማ ዲጄዎች፣ በተለይም ከስፒንባድ፣ ከካሽ መኒ እና ከጃዚ ጄፍ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ ፌደሩ ከዝግ ይነሳል። ሸክላውን በዝግታ እየገፋን በጣታችን መታ መታ እያደረግን እንከፍተዋለን፤ አንዱ ረጅም ድምፅ ሦስት አራት ቦታ ይቆረጣል። አያያዙ እንዲህ ነው፦ አውራ ጣት በአንድ ወገን ሆኖ ፌደሩን ወደ ዝጉ በኩል እንደ ስፕሪንግ ይገፋል፤ ሌባ ጣት ወይም መሐል ጣት ከሌላው ወገን እየመታ ይከፍታል። የሚሠራው ክንድ አይደለም፣ ጣት ነው። ትከሻችሁ ከደከመ አያያዛችሁ ልክ አይደለም ማለት ነው።

አምስተኛው “ፍሌር” ሲሆን ስሙን ያገኘው ከፈጣሪው ከዲጄ ፍሌር ነው። የትራንስፎርመር ግልባጭ ነው፤ ከክፍት ይነሳና እየገፋን በፍጥነት ዘግተን እንከፍታለን። አንድ ጊዜ ስንዘጋ አንዱ ድምፅ ሁለት ይሆናል። ስንመልስም እንዲሁ ካደረግን በአንድ ደርሶ መልስ አራት ድምፅ አገኘን፤ እጃችን ግን የዘጋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቁጠባው ይታያችሁ! በትራንስፎርመር አራት ድምፅ ለማግኘት አራት ጊዜ መክፈት ያስፈልግ ነበር። በመሐል ያለውን ክፍፍል በነፃ የሚሰጠን ሸክላው አቅጣጫ ሲቀይር የሚፈጥረው መቋረጥ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው “ክራብ” ነው፤ በዲጄ ኪውበርት ይታወቃል። ጣቶች አንዱ ከሌላው ተከታትለው ፌደሩን ይመታሉ፣ አውራ ጣት ደግሞ ይመልሳል። ሲያዩት ያምራል፤ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘውም እሱን ነው። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ትራንስፎርመር ላይ አውራ ጣቱ ያልጠነከረ ሰው የሚያወጣው ድምፅ የሚንኮሻኮሽ እንጂ የሚቆጠር አይሆንም።

እንዴት እንለማመድ?

ሒሳቡን እንሥራው። በደቂቃ 80 ጊዜ የሚመታ ምት ብንወስድ እያንዳንዱ ምት 0.75 ሴኮንድ ይፈጃል። በአንድ ምት ሁለት ድምፅ ካስገባን ለእያንዳንዱ 0.375 ሴኮንድ፣ አራት ካስገባን ደግሞ 0.19 ሴኮንድ ገደማ ይደርሰዋል። ከዚህች ውስጥ ግማሿ ዝምታ መሆን አለባት። ስለዚህ ከሁለት ወደ አራት መዝለል የጉልበት ሳይሆን የጆሮ ሥራ ነው። የእኔ መመሪያ ቀላል ነው፦ በሁለት ድምፅ ራሴን ቀድቼ መልሼ ስሰማው እኩል እኩል ካልሆነ ወደ አራት አልሄድም። መቅዳት በሞባይልም ይቻላል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ የራሳችንን ድምፅ መልሶ መስማት ምን ያህል እንደሚያሳፍርና እንደሚያስተምር እናውቃለን።

ዕቃ በሌለበት ቀንስ? የፌደር እጅ በክብሪት ቀፎ ላይ ሊለማመድ ይችላል። አውራ ጣት በአንድ ጎን ይገፋል፣ ሌባ ጣት በሌላው ጎን ይመታል፣ አፋችን ምቱን ይቆጥራል። በእርግጥ ድምፅ የለውም፤ ጣት ግን ይማራል። የስቱዲዮአችንን ፌደር ግን ለዚህ አትንኩት፤ ለዚያ አልተሠራም፣ መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም።

የአባቶቻችን ሸክላስ?

ይህን ሁሉ የጻፍኩበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ስክራች እንደምማር የሰሙ ጓደኞቼ “እቤታችሁ ያሉትን የድሮ የአማርኛ ሸክላዎች ለምን አታመጣቸውም?” ይሉኛል። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ እኔም አምሮኛል። ነገር ግን መርፌው በአንድ ቦታ ላይ ሲመላለስ የሸክላውን መስመር ይበላዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚያንኮሻኩሽ ድምፅ ይቀራል፣ አይድንም። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በአምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን የመሳሰሉ ሸክላዎች የአንድ ዘመን መዝገብ ናቸው። በእነሱ ላይ ቤቢ ስክራች መለማመድ በብራና መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ፊደል እንደ መቁጠር ነው።

ደግነቱ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሠራ ዘዴ አለ። ሸክላው ላይ ሙዚቃ ሳይሆን ምልክት ብቻ ይቀዳል፤ ኮምፒዩተሩ ምልክቱን አንብቦ እጃችን ሲገፋ ፋይሉን ይገፋል፣ ሲስብ ይስባል። የሚያልቀው የምልክቱ ሸክላ ነው፤ እሱ ደግሞ ይተካል። ስለዚህ የቤታችንን ሸክላዎች አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጬ ወደ ከረጢታቸው መልሻቸዋለሁ። ለአራቱ ደቂቃዬ የመረጥኩት ከመካከላቸው አንዲት የሳክስፎን ድምፅ ነች፤ ርዝመቷ ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም።

በመድረኩ ላይ የማቀርበው ፎርዋርድና ትራንስፎርመር ብቻ ነው። ክራብ የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ። ሁለቱን ግን ምቱ ላይ፣ ከነዝምታቸው፣ አቀርባለሁ።