የተረሱ ሥዕሎችና የሠዓሊው ልጅ

ልጆች አንብበው የሚጥሉት ርካሽ መጽሔት ከብዙ ዓመት በኋላ ተፈልጎ በክብር ይታተማል ብንል የሚያምነን ጥቂት ነው። በአሜሪካ አገር ግን ይህ ሆኗል። ዛሬ ፍሌቸር ሃንክስ ስለሚባል ሠዓሊ፣ ስለ ሥራውና ስለ ልጁ እናወጋችኋለን። «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው እንነሣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1938 ሱፐርማን የተባለው ኃያል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ከወጣ በኋላ፣ ኮሚክ የሚባሉት በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች በኒው ዮርክ እንደ አሸን ፈሉ። ዋጋቸው 10 ሳንቲም ነበር። አሳታሚዎቹ በየወሩ ብዙ ገጽ ስለሚፈልጉ ሥራው በፋብሪካ ደንብ ይካሄድ ነበር፤ ይኸውም አንዱ ታሪኩን ሲጽፍ ሌላው በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በቀለም ያደምቃል፣ ሌላው ደግሞ ንግግሩን ይጽፋል። ከሠራተኞቹም የሚበዙት ገና ለጋ ወጣቶች ነበሩ።

በ1939 ዕድሜው ወደ 50 የተጠጋው ሃንክስ ወደዚህ ሥራ ገባ። እርሱ በሜሪላንድ ክፍለ አገር ያደገ የሰባኪ ልጅ ሲሆን፣ ሥዕልን የተማረው በወጣትነቱ በፖስታ በሚላክ ትምህርት ነበር። ከሌሎቹ የሚለየው ታሪኩንም፣ ሥዕሉንም፣ ጽሕፈቱንም ብቻውን መሥራቱ ነው።

ከፈጠራቸው ሁሉ የታወቀው ስታርደስት ነው። ስታርደስት በሩቅ ኮከብ ላይ ሆኖ የምድርን ወንጀል የሚከታተል፣ በልዩ ልዩ ጨረር የሚሠራ ግዙፍ ጠንቋይ ነው። በአንዱ ታሪክ አንድ ክፉ ሰው የምድርን ስበት የሚያጠፋ ጨረር ሠርቶ ሰዎችን ከመሬት እያነሣ ወደ ጠፈር ይበትናል። ስታርደስት ይደርስና ወንጀለኛውን ይቀጣዋል። ሃንክስ ከሁሉ አብልጦ የሚደክምበት ይህ ቅጣት ነው። ጥፋተኛው ወደ እስር ቤት አይላክም፤ ይልቁንም በበረዶ ይደርቃል፣ ወይም ወደ አይጥነት ይለወጣል፣ ወይም በጠፈር ውስጥ ለዘላለም ይንሳፈፋል። ፋንቶማ የምትባለው የጫካ ጠባቂም ስትቆጣ ፊቷ ወደ ራስ ቅል ተለውጦ በዳዮችን ትበቀላለች። አሣሣሉ ደረቅና ያልተስተካከለ ቢመስልም፣ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

ሃንክስ በ1941 ሥራውን አቁሞ ተሰወረ። የተዋቸው ታሪኮች 51 ናቸው። ብዙዎቹን ያወጣው በብዕር ስም ስለ ነበር የሁሉም ሠዓሊ አንድ ሰው መሆኑ በቀላሉ አይታወቅም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ አገልግሎት ሲሰበሰብ፣ የዚያ ዘመን መጽሔት እጅግ ብዙው ጠፋ።

በ1980ዎቹ ዓመታት ግን ራው የተባለ የኒው ዮርክ መጽሔት ከስታርደስት ታሪኮች አንዱን መልሶ አተመ። በዚያ መጽሔት ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ፖል ካራሲክ ነገሩን ከልቡ ሳያወጣ ቆይቶ፣ ከዓመታት በኋላ የሃንክስን ዱካ ሲፈልግ ፍሌቸር ሃንክስ የሚባል አንድ ሽማግሌ አገኘ። ሽማግሌው ግን ሠዓሊው አልነበረም፤ የአባቱን ስም የያዘ የሠዓሊው ልጅ ነበር። እርሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሂማላያን ተራሮች እየተሻገረ ለቻይና ዕቃ ያመላለሰ አውሮፕላን ነጂ ነው።

የልጁ ምስክርነት መራራ ነበር። አባቱ ሰካራም፣ ሚስቱንና ልጆቹን የሚደበድብ ሰው እንደ ነበረና በ1930 ቤቱን ጥሎ እንደ ሄደ ተናገረ። እንግዲህ ያ ሁሉ በዳይን የሚቀጣ ሥዕል የተሣለው፣ በዳዩ አባት ከቤቱ ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ሃንክስ በ1976 በጥር ወር በኒው ዮርክ፣ በመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ በብርድ ደርቆ ሞቶ ተገኘ።

ካራሲክ በ2007 ታሪኮቹን በመጽሐፍ ሰብስቦ ሲያወጣ የልጁን ቃል አልሸሸገም። ከልጁ ጋር መገናኘቱን ራሱ በሥዕል ተርኮ በመጽሐፉ መጨረሻ አኖረው። መጽሐፉም በ2008 በኮሚክ ሥራ ታላቅ የሚባለውን የአይስነርን ሽልማት አገኘ። በ2016 ደግሞ 51ዱም ታሪኮች በአንድነት ታተሙ።

አንዳንድ ሰዎች የሠዓሊው ነውር ተነሥቶ ሥራው እንዳይረክስ ዝም ማለት ይሻላል ይሉ ይሆናል። ሌሎችም እንዲህ ያለ ሰው የሠራው ሥራ ተረስቶ ይቅር ይሉ ይሆናል። እኛ ግን በሁለቱም አንስማማም። የጠፋን ሥራ ፈልጎ ማግኘት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ፈላጊው ሥዕሉን ብቻ አንሥቶ ሰውን ቢተው ፍለጋው ግማሽ ይሆናል። ሃንክስ በወረቀት ላይ ዓለምን ከክፉዎች አዳነ፤ በቤቱ ግን ልጆቹን ከራሱ ቁጣ አላዳነም። ሥዕሉን የሚያደንቅ ሰው ይህንንም ሊያውቅ ይገባል። ልጁ ባይጠየቅ ኖሮ እኛ ዛሬ የምናውቀው የስታርደስትን ፍርድ ብቻ በሆነ ነበር።